ሰምና ፖሊሽ፦ የመኪና ቀለም በምን ያረጃል፣ በምንስ ይጠበቃል?



የዛሬው ርእስ ለእንዲህ ያለ መድረክ ቀለል ያለ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። የምንነጋገረው ስለ መኪና ቀለም ነው። ይሁን እንጂ ፖሊመርን፣ ብርሃንን፣ ውኃን፣ አሲድን፣ ሙቀትንና አቧራን በአንድ ስስ ገጽ ላይ አገናኝቶ የሚያሳይ፣ በየደጃችን የቆመ ቤተ ሙከራ ከመኪና ሌላ አላውቅም። ጉዳዩ የኪስም ጉዳይ ነው። በአገራችን ለብዙ ቤተሰብ መኪና ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ ያለው ትልቁ ሀብት ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት እንዲያገለግሉን እንፈልጋለን። ገዢና ሻጭ ሲከራከሩ የሰማችሁ እንደምታውቁት «ቀለሙ ኦርጅናል ነው» የሚለው አነጋገር በዋጋ ላይ የራሱ ክብደት አለው።

ንግግሬን ከአንድ ቃል ልጀምር። በከተማችን «መኪናዬን ፖሊሽ አስደረግሁት» የሚል ሰው ፈጽሞ ተቃራኒ ከሆኑ ሁለት ሥራዎች የትኛውን እንዳሠራ ብዙ ጊዜ አያውቅም። አንደኛው ሥራ የቀለሙን ገጽ በደቃቅ ሞራጅ ዱቄት መፋቅ ነው። ሁለተኛው በገጹ ላይ ሰም ወይም ሰም መሰል ነገር ማልበስ ነው። በአንደኛው ከመኪናው ይቀነሳል፤ በሁለተኛው ይጨመራል። ሁለቱም ሲያበቁ መኪናው ያበራል፤ ስለዚህ በዓይን አይለዩም፣ በስምም አልተለዩም። ዛሬ ላስረዳችሁ የምሻው ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ የምንቀንሰው ነገር ተመልሶ የማይተካ ሲሆን፣ የምንጨምረው ግን ርካሽና በየጊዜው የሚታደስ ነው።

የሚቀነሰው ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ሽፋኑን እንመልከት። በዘመናችን ከፋብሪካ የሚወጣ መኪና ከብረቱ በላይ አራት ልብስ አለው። በመጀመሪያ አካሉ በሞላ በገንዳ ተነክሮ በኤሌክትሪክ ኃይል 20 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነ ፀረ ዝገት ሽፋን ይለብሳል። በዚያ ላይ ከ30 እስከ 40 ማይክሮሜትር የሚሆን ፕራይመር ይከተላል። ቀጥሎ ቀለሙን የያዘው ቤዝ አለ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ከ20 ማይክሮሜትር አይበልጥም። ከሁሉም በላይ ቀለም ቀቢዎቻችን «ክሊር» የሚሉት፣ እንደ መስተዋት ጥርት ያለው ሽፋን ይገኛል፤ ውፍረቱ ከ40 እስከ 50 ማይክሮሜትር ነው። ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ መሆኑን ለእንግዶቻችን ላስታውስ። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ከፀሐይ፣ ከዝናብና ከጨርቅ ጋር ዕለት በዕለት የሚጋጠመው ሽፋን ከአንዲት ዘለላ ጠጉር ይቀጥናል።

ፖሊሽ የማስደረግ ልማድ የተወለደው ግን ክሊር ከመኖሩ በፊት ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የነበረው የመኪና ቀለም እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ዱፖንትና ጄኔራል ሞተርስ ዱኮ የተባለውን የናይትሮሴሉሎስ ቀለም በኦክላንድ መኪኖች ላይ ሲያውሉ የማድረቂያው ጊዜ ወደ ሰዓታት ወረደ፤ የቀለማት ምርጫም ሰፋ። ይህ ቀለም ግን ሲረጭ ደብዘዝ ያለ ነበር። እንዲያበራ መታሸት ነበረበት፤ በፀሐይም ቶሎ ስለሚጠወልግ እንደገና ይታሽ ነበር። የቀለም ዱቄቱ ከላይ እስከ ታች በአንድ ወፍራም ሽፋን ውስጥ ስለተቀላቀለ፣ የሞተውን ገጽ ማንሳት ከሥሩ ያለውን ሕያው ቀለም ይገልጣል። ስለዚህ ማሸት ለዚያ ዘመን ትክክለኛ ጥበብ ነበር። ከ1980ዎቹ ወዲህ በክሊር የተሸፈነው ቀለም ሲስፋፋ ነገሩ ተለወጠ፤ የእጃችን ልማድ ግን አልተለወጠም።

መኪናችሁ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነው። በማይታይ ስፍራ፣ ለምሳሌ በበሩ ጠርዝ በኩል፣ በነጭ ጨርቅ ጥቂት ፖሊሽ አድርጋችሁ እሹት። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር የሌለው ነጠላ ቀለም ነው። ነጭ መኪና ከሆነ ጠቆር ያለ ጨርቅ ተጠቀሙ። ያረጀ ነጠላ ቀለም ደግሞ ሳይታሽም ራሱን ይገልጣል፤ በእጃችሁ ብትዳብሱት እንደ ኖራ ዱቄት ይለቅቃል።

አሁን ወደ እርጅናው እንምጣ። ክሊር ፖሊመር ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የፖሊመሩን ሰንሰለት ይበጥሳል፤ የተበጠሰው ጫፍ ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ሌላውን ይበጥሳል። ይህን ለመግታት አምራቾች በክሊሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት መከላከያ ይሟሟሉ፤ አንዱ ጨረሩን ውጦ ወደ ሙቀት የሚለውጥ ነው፤ ሌላው የተፈጠሩትን ራዲካሎች ተከታትሎ የሚያመክን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከምድር ወገብ የምትርቀውም 9 ዲግሪ ብቻ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት በግምት 10 በመቶ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ የዋህ ይመስለናል። ለቀለም ግን አዲስ አበባ ጨካኝ ከተማ ናት። ኮፈንና ጣሪያ ከበሮቹ አስቀድመው የሚጠወልጉትም ፊታቸው ወደ ሰማይ ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ የቤርና ላምበርትን ሕግ እንዲያስታውሱ እጠይቃለሁ። ጨረሩን የሚውጠው ንጥረ ነገር በክሊሩ ውፍረት ሁሉ ተሰራጭቶ ይገኛል። ለስሌት ያህል ሙሉው 45 ማይክሮሜትር ከጎጂው ጨረር 1 በመቶውን ብቻ ያሳልፋል እንበል። ውፍረቱን በግማሽ ብንቀንሰው የሚያልፈው 2 በመቶ አይሆንም፤ 10 በመቶ ይሆናል። አሁን ወደ ፖሊሹ እንመለስ። በማሽን የሚሠራ ጠንካራ ኮምፓውንድ በአንድ ዙር ጥቂት ማይክሮሜትር ያነሳል፤ 3 ብለን እንያዘው። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚታሽ መኪና በ5 ዓመት 30 ማይክሮሜትር ያጣል። ገና ያ ሁሉ ሳይነሳ ግን ከሥር ያለው ቤዝ ለጨረር ይጋለጣል፤ ክሊሩም ከቤዙ ላይ ፀሐይ እንዳቃጠለው ቆዳ መላጥ ይጀምራል። አንዴ መላጥ ከጀመረ በኋላ ሰምም ፖሊሽም አይመልሰውም፤ መድኃኒቱ እንደገና መቀባት ብቻ ነው። መኪና ሊሸጥ ሲል ለዓይን እንዲያምር በኮምፓውንድ ሲታሽ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ከሦስት ዓመት በኋላ ገዢው ነው።

ብዙ የሰም ማስታወቂያዎች «ከፀሐይ ይከላከላል» ይላሉ። በዚህ ላይ ጠንቃቃ መሆን ይገባናል። ጨርቅ ከጠረገው በኋላ በቀለሙ ላይ የሚቀረው ሰም እጅግ ስስ ነው፤ አልትራቫዮሌትን በሚገባ ለመዋጥ የሚበቃ ውፍረት የለውም። ጥላ የሚሰጠው ክሊሩ ራሱ ነው፤ ከዚያም በላይ የቆርቆሮ ጥላ ወይም የመኪና ልብስ ነው። ልብሱ ግን ንጹሕ መኪና ላይ ካልተደረገ በነፋስ ሲውለበለብ ራሱ ሞራጅ ይሆናል። ታዲያ ሰም ለምን ይጠቅማል? ከፀሐይ ይልቅ ከሌሎቹ ሦስት ጠላቶች፣ ማለትም ከአቧራ፣ ከውኃና ከሚጥሉብን ነገሮች ስለሚያግዘን ነው።

ከሦስቱ አቧራ የከፋው ነው ባይ ነኝ። በየቅጥሩ በማለዳ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ዘበኛው አንድ ባልዲ ውኃና አንድ ጨርቅ ይዞ መኪናውን ከጣሪያ እስከ ጎማ ያብሳል፤ ጨርቁን በዚያው ባልዲ እየነከረ ይጨምቃል፤ ከዚያም የጎረቤቱን መኪና ይቀጥላል። ሥራው የትጋት ሥራ ነው። ነገር ግን በአቧራችን ውስጥ ኳርትዝ አለ፤ ኳርትዝ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ሲሆን ብርጭቆን ይቧጭራል። ክሊር ደግሞ ፕላስቲክ ነው። ሳይለቀለቅ የታበሰ መኪና በብርጭቆ ወረቀት እንደ ታበሰ ሊቆጠር ይገባዋል። በከተማችን ላይ የሕንጻ ግንባታው አቧራ ይጨመርበታል። ሲሚንቶ ያለበት አቧራ ጤዛ ሲያገኘው አልካላይን ይሆናል፣ ይጠነክራል፣ ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል።

ይህ ጭረት በፀሐይ ስታዩት በብርሃኑ ነጸብራቅ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር የተጠቀለለ ይመስላል። ብዙ ሰው የጨርቁ ክብ እንቅስቃሴ ያመጣው ነው ይላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ጭረቶቹ በሁሉም አቅጣጫ የተበተኑ ናቸው፤ ወደ ዓይናችን ብርሃን የሚልኩት ግን ነጸብራቁን እንደ ክብ የሚዞሩት ብቻ ናቸው። ራሳችሁን ወደ ጎን ብታንቀሳቅሱ ክቡ አብሯችሁ ይሄዳል። ስለዚህ «በቀጥታ አብስ እንጂ አታዙር» የሚለው ምክር መፍትሔ አይሆንም። መፍትሔው አሸዋውን ጨርቅ ከመንካቱ በፊት በብዙ ውኃ ማውረድ ነው። ቀጥሎ ሁለት ባልዲ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሳሙና ያለበት፣ ሌላው ጨርቁ ወይም ስፖንጁ የሚለቀለቅበት። ከላይ ወደ ታች መውረድና ለጎማው አካባቢ የተለየ ጨርቅ መያዝም ይገባል። ለዘበኛው ሁለተኛ ባልዲ መግዛት ከየትኛውም ፖሊሽ የበለጠ ቀለሙን ያቆየዋል። በየቀኑ ከማስጠረግ በሳምንት አንድ ጊዜ በደንብ ማጠብ ይሻላል፤ አቧራው ሳይታሽ ቢቀመጥ የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው።

ስለ ሳሙናውም አንድ ቃል ልበል። በየላቫጆው የልብስ ዱቄት ሳሙና ይውላል፤ ጭቃና ግራሶ ለማስለቀቅ ናፍጣ የሚረጭም አለ። የልብስ ሳሙና ቅባትን ለመንቀል የተሠራ አልካላይን ነው፤ ክሊሩን በአንድ ቀን አይጎዳውም፣ ሰሙን ግን ይገፍፈዋል። ናፍጣው ለጊዜው ያበራል፣ ቅባቱ አቧራ ይስባል፣ ላስቲኮችንም ያበላሻል።

ውኃን በሚመለከት አንድ የቆየ አባባል አለ፤ «ጠብታ እንደ ማጉያ መነጽር ሆኖ ቀለሙን ያቃጥላል» ይባላል። በጠፍጣፋ ገጽ ላይ የተቀመጠ ጠብታ ብርሃኑን የሚያጠራቅምበት ነጥብ ከገጹ ሥር ርቆ ስለሚውል ይህ አባባል ብዙ አያስኬድም። እውነተኛው ጉዳት ጠብታው ሲተን በውስጡ የነበረው ካልሲየምና ሌላ ማዕድን በአንድ ነጥብ ላይ ተጠራቅሞ ነጭ ቀለበት መተዉ ነው። የጉድጓድ ውኃ የሚጠቀሙ ሰዎች ይህን ያውቁታል። እዚህ ላይ ሰም የራሱ እንከን አለው፤ ውኃውን በጠብታ ስለሚያቆመው ሳይደረቅ የተተወ መኪና ነጠብጣቡ ይበዛበታል። ሰም ያለው መኪና ታጥቦ በጥላ ሥር ሊደርቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

የወፍ ኩስ ጉዳቱ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የኬሚካል ነው። ሁለተኛው በሙቀት የሚመጣ ነው፤ በቀትር ክሊሩ ሞቆ ይለሰልሳል፣ ይሰፋል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ በደረቀው ኩስ ዙሪያ ይኮማተርና ቅርጹን ይይዛል። ኩሱ ቢነሳም አሻራው ይቀራል። ስለዚህ በደረቁ መፋቅ ሳይሆን እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጦ ካራሰው በኋላ ማንሳት፣ ደግሞም በዚያው ቀን ማድረግ ይገባል። የዛፍ ሙጫም እንደዚሁ ነው። ሰሙ በመካከል ካለ ቆሻሻው በቀላሉ ይለቅቃል፤ የምናገኘው ጥቂት ሰዓት ቢሆንም ዋጋ አለው።

ስለ ሰሙ ምንጭ ደስ የሚል ነገር አለ። ለመኪና በእጅጉ የሚፈለገው ሰም ካርናውባ ይባላል፤ የሚገኘውም በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ በተለይም በፒያዊና በሴአራ ግዛቶች ከሚበቅል የዘንባባ ዛፍ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ተቆርጦ በፀሐይ ይደርቃል፤ ሲመታ ሰሙ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ዛፉ ይህን ሰም የሚያወጣው በደረቁ ወቅት ውኃው እንዳይተንበት ነው። የሩቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የለጋ ነጭ ባሕር ዛፍን ቅጠል በጣታችሁ ብትዳስሱት የሚለቅቀው ግራጫ ብናኝ ሰም ነው። ተፈጥሮ ቅጠልን የምትጠብቅበትን ዘዴ ነው ኮፈን ላይ የምንቀባው።

ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ አገራችን በአፍሪካ ከቀዳሚዎቹ የማርና የሰም አምራቾች አንዷ ስትሆን ለምን የራሳችንን ሰም አንቀባም? መልሱ በሙቀት ልክ ነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ከዚያም በፊት ይለሰልሳል። ካርናውባ ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ድረስ ይጸናል። በቆላው መንገድ፣ ለምሳሌ በአፋር፣ ጥቁር ኮፈን በቀትር 60 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው። ለጧፍ ተስማሚ የሆነው ልስላሴ ኮፈን ላይ አቧራ መያዣ ይሆናል። ሆኖም የንብ ሰም ከካርናውባ ጋር ሲደባለቅ የካርናውባን ደረቅነት ያለዝባል፤ ስለዚህ በብዙ የመኪና ሰሞች ውስጥ ድርሻ አለው። በአገራችን ሊሞከር የሚገባው የምርምር ርእስ አለ ብዬ የማምነው በዚህ ድብልቅ ላይ ነው።

አቀባቡ አጭር ነው። መኪናው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጥላ ቀዝቅዞ ይቆይ። ሰሙ በጣም በስሱ፣ በአንድ ጊዜ በአንድ ክፍል ላይ ይቀባ። ደመና ሲመስል በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይጠረግ። ወፍራም መቀባት ብክነት ነው፤ ትርፉ ከጨርቁ ጋር ይሄዳል። የካርናውባ ሰም ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሁለትና ሦስት ወር ይቆያል፤ ሰው ሠራሽ ፖሊመሩ ወደ ስድስት ወር ሊደርስ ይችላል። ማለቁን ውኃው ይነግራችኋል፤ በጠብታ መቆሙን ትቶ በሰፊው ሲተኛ ጊዜው ደርሷል። ለከተማችን አየር አንዱን ከክረምቱ በፊት፣ ሌላውን ከመስቀል በኋላ ማድረግ መልካም ነው።

አሁን በብዛት የሚወራለት ሴራሚክ ሽፋን ከሲሊካ ቤተሰብ የሆነ፣ ከክሊሩ ጋር በኬሚካል የሚተሳሰርና ከአንድ ዓመት በላይ የሚቆይ ነገር ነው። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ከመቀባቱ በፊት ቀለሙ በሚገባ ይታሻል፤ ስለዚህ ስንት ማይክሮሜትር እንደሚነሳ ጠይቁ። ውፍረት የሚለካ መሣሪያ የሌለው ባለሙያ ይህን ሊመልስ አይችልም። ከድንጋይና ከቁልፍ ጭረት ያድናል የሚለውንም አትመኑ።

የቀረኝ እንደገና ስለ መቀባት ነው። በጋራዥ የተቀባ ቀለም እንደ ፋብሪካው በምድጃ ስላልተጋገረ ፈሳሹ ቀስ ብሎ ይተናል፤ የቀለም አምራቾች ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 90 ቀን ሳይሞላ ሰም አትቀቡ ይላሉ። ብዙ ፖሊሾች ደግሞ ሲሊኮን አለባቸው። ሲሊኮን ያለበት ገጽ ሳይጸዳ በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ ሲሊኮኑ በጭረቱ ውስጥ ይገባና፣ አዲሱ ቀለም በየቦታው እንደ ዓሣ ዓይን ክብ እየሠራ ይሸሻል። ስለዚህ ምን ተቀብቶ እንደነበረ ለቀለም ቀቢው ንገሩት፤ ከመፋቁ በፊት ያጽዳው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የቀቢው ሳንባ ነው። ክሊሩ እንዲጠነክር የሚጨመረው ሃርድነር አይሶሳያኔት አለበት። ሲረጭ በጤዛ መልክ ወደ ሳንባ ይገባል፤ በሥራ ቦታ ለሚመጣ አስም ከታወቁት ዋና ምክንያቶች አንዱም ነው። አንድ ጊዜ ሰውነቱ የተቆጣበት ሠራተኛ ከዚያ በኋላ በጥቂቱም ቢሆን ትንፋሹ ይታፈናል፤ ብዙ ጊዜ ሙያውን ለመተው ይገደዳል። የጨርቅና የወረቀት ጭምብል አያቆመውም፤ ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ መሣሪያና አየር የሚወጣበት የተዘጋ ክፍል ይፈልጋል። በየሰፈሩ፣ በግቢ ውስጥ፣ ከመኖሪያ ቤት አጠገብ ሲረጭ ያየ ሰው ሁኔታችን ከዚህ ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቃል። ያለጊዜው የታሸና የተላጠ ኮፈን ሁሉ አንድ ወጣት አንድ ተጨማሪ ቀን ያንን አየር እንዲስብ ያደርጋል። ይህ ወጪ በባለመኪናው ደረሰኝ ላይ አይጻፍም። መኪና ስታስቀቡ ከዋጋው ጋር ስለ ቀቢው የመተንፈሻ መሣሪያ ጠይቁ፤ የኬሚስትሪና የምሕንድስና ተማሪዎች ደግሞ ለአነስተኛ ጋራዥ የሚሆን ርካሽ የመርጫ ክፍል ንድፍ ለመመረቂያ ሥራችሁ ብታስቡበት እኔ ለማማከር ፈቃደኛ ነኝ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።